ማረሻ የማይገባበት መሬት

ሞባይል ደባርቅ በገባ ሰሞን፣ ውጭ አገር የሚያስተምሩ አንድ ፕሮፌሰር የዶክትሬት ዕድል ሊሰጡኝ ቃል ገቡ። ያዋሱኝን የመሬት መንቀጥቀጥ መለኪያ ከደባርቅ በላይ ባለው ተራራ ላይ ቀብሬ፣ እስከ ጥር መጨረሻ አንድ የአካባቢውን መንቀጥቀጥ በንጹሕ መዝግቤ ከላክሁ ቦታው የኔ ነው። ካልሆነ ለሌላ አመልካች ይሰጣል። ያኔ ደባርቅ ላይ ፊዚክስ አስተምር ነበር፤ ከዚያ ጥቁር ሰሌዳ ፊት የምላቀቅበት ሌላ መንገድ አልነበረኝም።

መሣሪያው ከትንሽ ማሰሮ አይበልጥም፤ ግን አጠገቡ ሰው ሲራመድ እንኳ ይመዘግባል። ስለዚህ በክረምቱ ተራራው ላይ ወዳለችው መንደር ወደ አምባራስ ወጥቼ ገበሬ የሆኑትን የእናቴን ታላቅ ወንድም ጠንካራ፣ ደልዳላ፣ ማረሻ የማይገባበት መሬት ለመንኋቸው። አጎቴ ሳያመነቱ ከቤታቸው ጀርባ ሣር የለበሰ ክብ ሜዳ አሳዩኝ። ጉድጓዱን ጠርዙ ላይ አብረን ቆፈርን። ዳባት ተወልጄ ያደግሁ ሰው፣ ገበሬ ቤት ጀርባ ያለ ክብ ሜዳ ምን እንደሆነ አለማወቄ ዛሬም ያሳፍረኛል።

ኅዳር ላይ ሄጄ መዝገቡን አየሁት፤ ጸጥ ያለ ነው። መንቀጥቀጥ ግን የለም። ታኅሣሥም እንዲሁ አለፈ፤ እኔም ተስፋ መቁረጥ ጀመርሁ።

ጥር ሊያልቅ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ከሰዓት በኋላ መምህራን ክፍል ፈተና ሳርም ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። የሻይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ባልደረቦቼ እያማተቡ ወደ ደጅ ሲሮጡ እኔ ብቻዬን ሳቅሁ። አበደ ሳይሉኝ አልቀሩም። በሕይወቴ እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በማግሥቱ ወደ ጃናሞራ በሚሄድ የጭነት መኪና ተሳፍሬ አምባራስ ስደርስ ከመኪናው ወረድሁ። ከቤቱ ጀርባ ስደርስ ስድስት በሬዎች ገብስ እያበራዩ ይዞራሉ፤ አጎቴ መንሻቸውን ይዘው ከኋላ ይከተላሉ። መሣሪያዬ ጠርዙ ላይ በሾህ ታጥሯል። ከጥምቀት ማግሥት ጀምሮ ውቂያ ላይ ነበሩ። ትናንት ከሰዓትም።

ድምፄን ከፍ አድርጌ ለምን አውድማቸውን እንደሰጡኝ ጠየቅኋቸው። ግራ ገባቸው።

«ጠንካራ፣ ደልዳላ፣ ማረሻ የማይገባበት አልኸኝ» አሉ። «ከአውድማዬ ሌላ እንዲህ ያለ መሬት የት አለኝ? ያለኝን ምርጡን ነው የሰጠሁህ። እንዳይረግጡብህም አጥሬልሃለሁ።»

መሣሪያው የበሬ ኮቴ እንደሚሰማ ስነግራቸው መንሹን ጣሉት። ገብሱ ግማሹ ሳይወቃ በሬዎቹን አስወጡ። እኔ አልከለከልኋቸውም፤ ይህም ይቆጨኛል።

መዝገቡን ደባርቅ ወስጄ ኮምፒዩተር ላይ ከፈትሁት። ከዳር እስከ ዳር ኮቴ ነው። መንቀጥቀጡ መሐሉ ውስጥ አለ፤ ግን የመጀመሪያዋ ሞገድ የደረሰችበትን ሰከንድ ለመለየት የቀሩኝን ቀናት ሁሉ ዓይኔ እስኪቀላ ባፈጥም አልቻልሁም። ያለዚያች ሰከንድ መዝገቡ ዋጋ የለውም። ቢሆንም እንዳለ ላክሁት። ፕሮፌሰሩ በትሕትና ሁለት መስመር ጻፉልኝ፤ ቦታው ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ መሣሪያውን መልስ።

በሚያዝያ ሄጄ አወጣሁት። አጎቴ ወዴት እንደምወስደው ሲጠይቁኝ እውነቱን መናገር አቃተኝ። ሊጠገን ነው፣ ይመለሳል አልኋቸው።

በዓመቱ ጥር ላይ ልጠይቃቸው ወጣሁ። አውድማው ባዶ ነው፤ ሣሩ እንኳ አልተነካም። የሾሁ አጥር ታድሷል። አጎቴን ያገኘኋቸው ከታች፣ ጠጠር በበዛበት ተዳፋት ላይ ነው። እዚያ ወቅተው፣ ቁጢጥ ብለው ከገብሱ ጠጠር ይለቅማሉ። ጣቶቻቸው ተሰነጣጥቀዋል።

«ዘንድሮ ኮቴ አልደረሰበትም» አሉኝ። «መቼ ታመጣዋለህ?»

አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ጠጠር መልቀም ጀመርሁ። ለፋሲካ አልኋቸው። በተከታዩም ዓመት እዚያው ጠጠሩ ላይ ወቁ።