በአሜን የተወሰነብን

ባለፈው ሚያዝያ የአንዲት ወዳጄ ልጅ ተድራ፣ እዚህ እንግሊዝ አገር ፓርክ ሮያል በሚባለው የፋብሪካ ሰፈር ሠርግ ሄጄ ነበር። ድግሱ የተደረገው በትልቁ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ነው። ድሮ የዕቃ መጋዘን የነበረ፣ ጣሪያው የራቀ፣ በበጋ እንኳ እግር የሚያቀዘቅዝ ቤት ነው። ከልጄ ከሩት ጋር ወንበር ስንፈልግ የመድረክ መሪው ከሩቅ አየንና በማይክ፣ "የባተርሲ ተገንጣዮችም መጥተውልናል፤ ኧረ ቦታ ልቀቁላቸው" አለ። ሰው ሳቀ። ክፉ ልጅ አይደለም። ነገሩ ሲሆን እሱ ገና አልተወለደም፤ ከታላላቆቹ የሰማውን ነው የደገመው። ከተቀመጥን በኋላ ሩት ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዝ አደረገችኝ። እኔ ግን የቀረበልኝን ክትፎ ገፋ አድርጌ ተውኩት።

ተገንጣይ። ከምን ነው የተገነጠልነው? እኛ ከተቀመጥንበት ወንበር አልተነሣንም። ተነሥተው የሄዱት እነሱ ናቸው። የሄደው ሰው ብዙ ሲሆን የቀረው "ተገንጣይ" ይባላል ማለት ነው። ይህን ነገር ለማንም ከሥሩ ተናግሬው አላውቅም። ትምህርቱን አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ሰው በስብሰባ መካከል አፉ ቶሎ አይፈታለትም። ቁጣዬ ግን ስላልተናገርኩት አልበረደም።

ነገሩ ሲሆን ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ሩት ገና ጥርስ ታወጣለች። ባለቤቴ ሂትሮው አየር ማረፊያ ጥበቃ ነው፣ እሑድ እሑድ ሺፍት አለው። እኔ ደግሞ እዚያው ፓርክ ሮያል ሳንድዊች የሚያሽግ ፋብሪካ እሠራ ነበር። ባተርሲ ካለው ቤታችን የምወጣው ጎህ ሳይቀድ ነው፤ ባስ፣ ባቡር፣ እንደገና ባስ። ቀኑን ሙሉ ሰማያዊ ቆብ አጥልቄ፣ የተፈጨ እንቁላል በማዮኔዝ ዳቦ ላይ ስቀባ እውላለሁ። ሽታው በሳሙና አይለቅም። ሩትን ባቀፍኩ ቁጥር ወደ እሷ ይጋባል ብዬ እጨነቅ ነበር። መጨነቅ ተፈጥሮዬ ነው። ልጄ ስትተኛ ትንፋሿን ለማየት መዳፌን አፍንጫዋ ሥር አደርጋለሁ፤ ለግማሽ ቀን መንገድ የሳምንት ልብስ እሸከማለሁ።

የማርፍበት አንድ ቦታ ብቻ ነበረኝ። ከቤታችን ጀርባ፣ ከባቡሩ ድልድይ አለፍ ብሎ፣ ትንሽ የሸክላ ጡብ ጸሎት ቤት አለ። የእንግሊዞች ነው፤ ሪፎርምድ የሚባሉት ፕሮቴስታንቶች ናቸው፣ ያኔም ጥቂት ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ነበሩ። ጠዋት እነሱ ያመልካሉ፣ ከሰዓት በኋላ የእኛ የአማርኛው ጉባኤ ይገባል። በሩን ስትከፍቱ የወለል ሰም፣ የረጠበ ካፖርትና የአሮጌ መዝሙር መጽሐፍ ሽታ ይቀበላችኋል። ከጎን ሙቀት ያላት ጠባብ ክፍል አለች፤ ሕፃናቱን ካፖርት አንጥፈን እዚያ እናስተኛቸዋለን። ከጸሎት በኋላ ቀረፋና ቅርንፉድ የገባበት ሻይ፣ ተራ የደረሳት ሴት የጋገረችው ድፎ ዳቦ ይመጣል።

አብዛኞቻችን በእግር የምንመጣ፣ በጽዳትና በፋብሪካ ሥራ የምንኖር ሴቶች ነበርን። ሥራ ስገባ ልጄን በየተራ የሚይዙልኝ እነዚህ ሴቶች ናቸው። ሩት በትኩሳት ስትነድ፣ በዕድሜ የሁላችን ታላቅ የሆኑት እትዬ አበባ በዝናብ ፌስታል ራሳቸው ላይ አስረው መጥተው አድረዋል። ልጄን ለማን ትቼ ልሂድ ብዬ ስጨነቅ መልሱ ያ ቤት ነበር።

በዚያ ዓመት መከር ላይ ወሬ መጣ። የእኛ ሽማግሌዎችና የሌላ የአማርኛ ጉባኤ ሽማግሌዎች በየቤቱ እየተገናኙ ነው ተባለ። ሁለቱን አንድ አድርጎ በፓርክ ሮያል ሰፊ አዳራሽ መያዝ አስበዋል። ሐሳቡ መጥፎ ነበር አልልም። ትንሽ ሆኖ መቅረት መበታተን አለበት፤ ወጣቶቹ ቦታ ያገኛሉ፤ ለራስ የሚሆን ቤት ይኖራል። ነገር ግን የሚነጋገሩት ሁሉ መኪና ያላቸው ወንዶች ነበሩ። እኛ የሰማነው ሻይ ስናፈላ፣ ከሚስቶቻቸው አፍ ነው። እትዬ አበባ፣ "ሲደርስ ይጠይቁናል፤ ሰው ቤቱን ሲሸጥ እንኳ ለጎረቤት ይነግራል" እያሉ ያጽናኑን ነበር።

አንድ እሑድ ዝናቡ መስኮቱን ይደበድባል። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ታደለ መዝጊያውን ጸሎት ያዙ። አገር ቤት መምህር የነበሩ፣ ድምፃቸው ያማረ፣ ሲጸልዩ ሰው የሚያስለቅሱ ናቸው። ስለ ታመሙት ጸለዩ፤ አሜን አልን። የመኖሪያ ወረቀት ስለሚጠብቁት ጸለዩ፤ አሜን አልን። ስለ አገር ሰላም ጸለዩ፤ አሜን። ዓይኔን ጨፍኜ ሩትን በጉልበቴ እያወዛወዝኩ ነበር፤ ሐሳቤ ግማሹ ጥርሷ ላይ ነው። በዚያው ዜማ፣ በዚያው ትንፋሽ፣ "ሁለቱን ቤት አንድ ስላደረግህልን፣ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በፓርክ ሮያል በአንድነት እንድናመልክህ ስለፈቀድህልን እናመሰግንሃለን" አሉ። ቤቱ በሙሉ አሜን አለ። እኔም አልኩ።

ዓይኔን ስገልጥ ወንዶቹ እየተቃቀፉ ነው። ወደ እትዬ አበባ ዞሬ ምን እንደተባለ ጠየቅኳቸው።

"እኔስ ምን አውቄ ልጄ፤ እሺ ያልን መሰለኝ" አሉኝ።

ሻይ ሲቀዳ ልጄን እንዳቀፍኩ ጋሽ ታደለ ፊት ቆምኩ።  ስለ መሄዱ መቼ እንደተጠየቅን ልወቅ አልኳቸው።

"አሜን አላልሽም እንዴ እህት ዘነበች? ጉባኤው በአንድ ድምፅ ነው የተቀበለው።"

"ጸሎት መስሎኝ ነው፣ ጋሽዬ።"

"ጸሎትማ ነው" አሉና ፈገግ ብለው የሩትን ጉንጭ ነካ አደረጉ። "ደግሞ አንቺ ምን ይቸግርሻል፤ ፓርክ ሮያልን ለምደሽዋል።"

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። በሳምንት ስድስት ቀን የምሄድበትን መንገድ፣ በሰባተኛው ቀን ሕፃንና ጋሪ ይዤ ድገሚው ማለታቸው ነው። ያ የእንቁላል ሽታ ወዳለበት ሰፈር። ልጄን የሚይዙልኝ ሴቶችስ? ከባሱ መንገድ ርዝመት የተነሣ ግማሾቹ እንደሚቀሩ፣ የቀሩትም እንደሚበታተኑ ያኔውኑ ታየኝ።  ወጥ ቤት ገብቼ ያልቆሸሸ ኩባያ ማጠብ ጀመርኩ።

ሚስስ ዶሪን እዚያ ነበሩ። ከእንግሊዞቹ ወገን ናቸው፤ እኛ ስንወጣ ማሞቂያውን ለማጥፋትና በሩን ለመቆለፍ የሚመጡ ቀጭን አሮጊት። እንግሊዝኛዬ የፋብሪካ እንግሊዝኛ ነበር፤ እሳቸው ግን ቀስ ብለው ይናገሩልኛል፣ ቀስ ብለው ይሰሙኛል። እንባዬን አይተው ጠየቁኝ፣ እንደምንም ነገርኳቸው።

እሳቸውም የራሳቸውን አጫወቱኝ። ወጣት ሳሉ የእነሱ ዓይነት አብያተ ክርስቲያናት ከሌሎች ጋር ተዋህደው ትልቅ ስምና ትልቅ ቢሮ ያለው አንድ ማኅበር ሆኑ። ጥቂት ትናንሾች ግን ለብቻቸው ቀሩ፤ ይሄ ቤት አንዱ ነው። ሚስስ ዶሪን ያኔ ልብስ አጠባ ቤት ነበር የሚሠሩት። በስብሰባው የሰፈሩ ሐኪምም አንድ እጅ አወጣ፣ እሳቸውም አንድ እጅ አወጡ። ሐኪሙ እንዋሃድ ባይ ነበር፤ ተሸነፈ፤ ፊቱ ቀላ። በሚቀጥለው እሑድ ግን እንደ ወትሮው መጥቶ እጎናቸው ተቀመጠ።

ከዚያ፣ የእናንተን እጅ የቆጠረው ማነው አሉኝ። እጅ አልወጣም አልኳቸው። ታዲያ በምን ተወሰነ ሲሉኝ፣ "በአሜን" አልኩ። መጀመሪያ ያልገባቸው መሰለኝ። "ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ሳለ?" አሉ። ራሴን ነቀነቅኩ። ከቶ ተቆጥተው አይቻቸው የማላውቃቸው ሴት ኩባያውን ጠረጴዛው ላይ ዷ አድርገው አስቀመጡ።

ሳምንቱን በየቤቱ እየዞርኩ ሴቶቹን አነጋገርኩ። ስብሰባ ይጠራልን ብለን ሰው ላክን። የመጣልን መልስ ጸሎት አይሻርም የሚል ነው። ይሄ ነው እስከ ዛሬ ደሜን የሚያፈላው። ብልሃቱን ተመልከቱ፤ ብትቃወም ጋሽ ታደለን አይደለም የተቃወምከው፣ እግዚአብሔርን ነው። እትዬ አበባ እንኳ ፈሩ። አሜን ያሉትን ማጠፍ ኃጢአት አይሆንብንም ወይ ብለው ሌሊቱን እንቅልፍ አጡ። እኔም ፈርቼ ነበር፤ በእኔ ኃጢአት ልጄ ላይ አንድ ነገር ቢመጣስ ብዬ ግንባሯን ስዳስስ ሰነበትኩ። በመጨረሻ እንዲህ አልኳቸው፤ "እትዬ፣ እኔ አሜን ያልኩት ለጌታ ነው። ለጋሽ ታደለ አላልኩም። ጌታ ደግሞ መኪና የለኝም፣ የእኔን ባስ ያውቀዋል።"

"ጌታ መኪና የለኝም" ያልኩት መኪና እንደሌለኝ ያውቃል ልል፣ በንዴት ምላሴ ተሳስቶ ነው። እትዬ አበባ እስኪያስላቸው ሳቁ፤ ፍርሃቱም ያን ጊዜ ትንሽ ለቀቀን።

መሄጃው ሳምንት ደረሰ። ጋሽ ታደለ የስንብቱን ጸሎት ሲጀምሩ ዓይኔን አልጨፈንኩም። ጸሎት ላይ ዓይን ገልጦ ማየት እንግዳ ነገር ነው፤ ሰው ሁሉ የተኛ ይመስላል፣ አንቺ ብቻ የነቃሽ። "በአንድ ልብ ወደ ሰጠኸን ቤት እንሄዳለን" ሲሉ አሜን ተባለ። ድምፁ ካባራ በኋላ፣ ሳልጮህ፣ "እኔ አሜን አላልኩም" አልኩ።  ቀጥሎ እትዬ አበባ እንደ ሳል አድርገው፣ "እኔም" አሉ። ከኋላ አንዲት፣ ከጎን አንዲት። ጋሽ ታደለ ዓይናቸውን ሳይገልጡ፣ "ጌታ ይቅር ይበላቸው" ብለው ጸሎቱን ዘጉ። ማይኩን፣ ኪቦርዱን፣ ትልቁን የሻይ ፔርሙዝ ሳይቀር ጭነው ሄዱ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰባኪ የሌለን፣ ከፊት ወንበር እንኳ ለመቀመጥ የምንተፋፈር ጥቂት ሰዎች ሆነን ተገናኘን። ከመዝሙር በፊት እንደ ሚስስ ዶሪን ቤት እናድርግ አልኩ፤ ልቅር የሚል እጁን ያውጣ። አንዳንዷ እንደ ተማሪ አንድ ጣቷን ብቻ ቀሰረች፤ እትዬ አበባ ሁለት እጃቸውን አነሡ። አንድ ብቻ ነው የሚቆጠረው ብንላቸው፣ ሁለተኛው ባለፈው ላልጠየቁኝ ነው አሉ። አንዲት እህት እጇን አላወጣችም፤ ትልቁ ቤት እሄዳለሁ አለች፣ ስመን ሸኘናት። ሩት በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ አደገች። መራመድም የጀመረችው እዚያ ወለል ላይ ነው፣ ከአንዷ ሴት ጉልበት ወደ ሌላዋ።

ከዚያ በኋላ ስማችን ተገንጣይ ሆነ። እናቴ አገር ቤት ስትሞት ባተርሲ ለቅሶ ተቀመጥኩ። አብሬያቸው ዓመታት ከጸለይኩት ከፓርክ ሮያል ሰዎች አንድ እንኳ በሬን አላንኳኳም። ያ ሐኪም በሚቀጥለው እሑድ መጥቶ እጎናቸው መቀመጡን ሚስስ ዶሪን ለምን እንደነገሩኝ የገባኝ ያኔ ነው።

እንግዲህ በሠርጉ ዕለት፣ ኬክ ከተቆረሰ በኋላ፣ ጋሽ ታደለ በከዘራ እየተደገፉ ወደ ጠረጴዛችን መጡ። አርጅተዋል፤ ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

"እህት ዘነበች፣ እንግዲህ መሽቶብናል። ያ ነገር ይለፍ፤ እንጸልይበት" አሉኝ።

"መጀመሪያ ዓይናችንን ገልጠን እናውራ፣ ጋሽዬ።"

"ከጸሎት የሚበልጥ ምን ወሬ አለ?" አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ያው ድምፅ ነው፤ ትንሽ ከመሻከሩ በቀር አልተለወጠም። ስለ ይቅርታ፣ ስለ አንድነት፣ ጠላት በመካከላችን ስለዘራው አለመግባባት ጸለዩ። ጠላት ዘራው። ጨርሰው ጠበቁ። የሠርጉ መዝሙር ከወዲያ ይሰማል። አንድ ዓይናቸውን ገለጥ አድርገው፣ "አሜን አትይም እንዴ?" አሉኝ።

"ዛሬም አልጠየቁኝም" አልኳቸው። ልብሽ ደንድኗል ብለው ከዘራቸውን እያንኳኩ ሄዱ።

ባስ ላይ ሩት ተቆጣችኝ። "እማ፣ ሂ ኢዝ አን ኦልድ ማን፣ ሽማግሌ እኮ ናቸው። አንዴ አሜን ብትይ ምን ነበረበት?" አለችኝ።  መስኮቱ ላይ የፓርክ ሮያል መጋዘኖች ያልፋሉ፤ ፋብሪካዬ የነበረበትን እንኳ አሁን መለየት ያቅተኛል። ልጄ የማታውቀው ነገር አለ። እኔ ለሰው እምቢ ማለት የማልችል ሴት ነኝ። ለሺፍት መሪዬ፣ ለባለቤቴ፣ ለጎረቤት፣ ለእሷም እሺ ስል ነው የኖርኩት። ያን ዝናባማ እሑድ ጋሽ ታደለ ዓይኔን እያዩ፣ "እህት ዘነበች፣ ርቀቱ እንደሚከብድሽ አውቃለሁ፤ ትሄጂልናለሽ ወይ?" ብለው ቢጠይቁኝ ኖሮ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እሺ ነበር የምላቸው።