የበሉበት ወጪት

በሰው አገር፣ ሆፕኪንስ በምትባል ከተማ ባለ አንድ የባንክ ቅርንጫፍ ቴለር፣ ማለትም መስኮት ላይ ገንዘብ ተቀባይና ከፋይ፣ ሆኜ ስሠራ፣ ከጎኔ ባለው መስኮት የምትሠራው እትዬ ነበረች። ስሟ አይደለም። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ እንደዚያ እያልኩ ስጠራት ፈረንጆቹም ከእኔ ለመዱት፤ ሥራ አስኪያጃችን ሳይቀር «ኢቲዬ» ይላት ነበር። ሰው ማመስገን አይቀናኝም፤ ይህን የሚያውቁኝ ሁሉ ይመሰክራሉ። እሷን ግን አለማመስገን አልችልም።

ያገራችን ሰዎች የኔ መስኮት ባዶ ሆኖ እያለ የእሷን ወረፋ ይይዛሉ። «ቀጣይ!» ብዬ ስጣራ አንድ የወሎ ሰው፣ ሹፌር ናቸው፣ «አንተ ቆይ ልጄ፣ እሷን እጠብቃለሁ» ይሉኛል። መጀመሪያ እናደድ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት። እትዬ የሰውየውን ጤና፣ የባለቤታቸውን ወገብ፣ የልጆቻቸውን ትምህርት ጠይቃ ሳትጨርስ ወደ ጉዳዩ አትገባም። ኮምፒውተሩ ደግሞ እያንዳንዱ ደንበኛ ስንት ደቂቃ እንደቆመ ይይዛል። ለሰዎቻችን ሰላምታ ማሳጠር ነውር ነው፤ ባንኩ ዘንድ ማስረዘሙ ጥፋት ነው። እሷ ለሁለቱም መልስ ስትሰጥ ትውላለች።

ጠዋት በሩ ሳይከፈት «ሀድል» የሚሉት ነገር አለ። ክብ ሠርተን እንቆምና እያንዳንዳችን በዚያን ቀን ስንት ሰው ክሬዲት ካርድ እንደምናስወስድ፣ ስንት ሂሳብ እንደምናስከፍት ጮክ ብለን እንናገራለን። ሥራ አስኪያጁ ነጭ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ መዝጊያ ላይ ቁጥሩን ያልሞላ ሰው ስሙ በቀይ ይከበባል። አንድ ካርድ ለመሸጥ ሰውን በዓይኔ ስከተል ስውል ራሴን እታዘባለሁ። ክቡ ውስጥ ጨጓራዋን ይዛ የምትቆም ነበረች፣ አንገቱ አልዞር ያለው ነበር። እኔ እንቅልፍ ከድቶኝ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም፤ የሰው ልጅ በካርድ እንቅልፍ አጣ ሲባል ማን ያምናል?

እትዬ ግን ለማይሆነው ሰው ካርድ አትሸጥም። አንዱ ከሥራ የወጣ ሰሞን ካርድ ልውሰድ ሲላት «አሁን አይበጅህም፤ ሥራ ስትይዝ ና» ብላ ስትመልሰው በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ያን ቀን ስሟ በቀይ ተከበበ። ሰሌዳውን አየት አድርጋ ኮቷን ለብሳ «ደህና እደሩ» ብላን ወጣች። ነገሯ ሁሉ ሆድ ይፍጀው ነው።

አንድ ሐሙስ፣ ከምሳ በፊት፣ ደንበኛ እያነጋገረች ሳለ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ጥብቅ አድርጋ ያዘች። ፊቷ አመድ መስሏል። «ዞረብኝ» አለችኝ። አስቀመጥኳት። አምቡላንስ እንዳንጠራ ለመነችን፤ ደንበኛ ይደነግጣል አለች! እሷ ልትወድቅ ደርሳ የምታስበው ለደንበኛ ነው። በመኪናዬ ሴንት ሉዊስ ፓርክ ወዳለው ክሊኒኳ ወሰድኳት። ነርሷ ግፊቷን ለካች፤ አላመነችም መሰለኝ ደግማ ለካች። 180 በ110 ነበር።

ዶክተሯ ፊት ለፊቷ ተቀመጠችና በሥራዋ ትጨነቅ እንደሆነ ጠየቀቻት።

«ኖ፣ ኖ» አለች እትዬ፣ ፈገግ ብላ። «ቬሪ ጉድ ጆብ። ታንክ ጎድ።»

ልፈነዳ ደረስኩ። «እትዬ፣ ምን ማለትሽ ነው?»

«አንተ ዝም በል። የታመምኩት እኔ ነኝ» አለችኝ በአማርኛ፤ ለዶክተሯ ግን ፈገግታዋን አልቀነሰችም። ዶክተሯ የሰማችውን ጻፈች፤ መድኃኒትና የጥቂት ቀን እረፍት አዘዘችላትና ሸኘችን።

መኪና ውስጥ አላስቻለኝም። «ለምን ዋሸሻት?»

«አልዋሸሁም። ስደተኛ ሆኜ መጥቼ ልጅ ያሳደግኩበት ሥራ ነው። ለማላውቃት ሴት ሥራዬን ቁጭ ብዬ ልማ? የበሉበትን ወጪት መስበር እኮ ነው!»

«ወጪቱ አንቺን እየሰበረሽ ነው እኮ!»

ሳቀች። እኔ ሥራ ማማት የማይደክመኝ ሰው ነኝ፤ ቢሆንም ያለችው ገብቶኛል። እኛ ዘንድ አልጋ የያዘ ሰው እንኳ እንዴት ነህ ሲባል «ተመስገን» ነው የሚለው። እትዬ ይህን ደግ ልማድ ይዛ ዶክተር ዘንድ ገባች። ልትሞትበት ነው ብዬ ፈራሁ።

ቅዳሜ ብርቱካን ይዤ ልጠይቃት ሄድኩ። ኮሌጅ የምትማረው ልጇ ላፕቶፗን ከፍታ ሳሎን ተቀምጣለች። ደስ እያላት በእንግሊዝኛ ነገረችኝ፤ ዉድበሪ ባለው የባንካችን ቅርንጫፍ ለመቀጠር አመልክታለች፣ በሚቀጥለው ሳምንት ኢንተርቪው አላት። እትዬ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘች ቆመች።

«ምን ልትሆኚ?» አለቻት።

«ማም፣ ዩ ላቭ ኢት» አለች ልጅቷ ግራ ገብቷት፤ ሥራሽን ትወጂው የለ ማለቷ ነው። «ዩ ኔቨር ኮምፕሌይን።»

እውነቷን ነው። ያቺ ልጅ ተወልዳ እስክታድግ እናቷ ሥራዋን ስታማርር አንድ ቀን ሰምታ አታውቅም። እትዬ ወደ እኔ ዞረች። እኔም ነገሩ የእናትና ልጅ ነው ብዬ ተሰናብቻቸው ወጣሁ።

ሰኞ ጠዋት እትዬ ሥራ መጣች። እረፍት ታዞላት ስለነበር ስናያት ሁላችንም ደነገጥን። ክብ ሠራን። ተራዋ ሲደርስ ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን ይዞ «ስንት?» አላት።

«ስለ ካርድ አይደለም የምናገረው» አለች በእንግሊዝኛ፣ ቃል በቃል እያስቀመጠች። «ሐሙስ የደም ግፊቴ 180 በ110 ነበር። ዶክተሯ ሥራሽ ያስጨንቅሻል ወይ ስትለኝ አያስጨንቀኝም አልኳት። ያስጨንቀኛል። ጠዋት ጠዋት እዚህ ስቆም ልቤ ይመታል። ዛሬ ተመልሼ ሄጄ እነግራታለሁ። ልጄ በዚህ ባንክ ልትቀጠር አመልክታለች። ትግባ አትግባ የራሷ ጉዳይ ነው፤ እናቷ ምን እንደሆነች ግን ሳታውቅ አትገባም። ትናንት ነገርኳት። ለእናንተም ልንገራችሁ ብዬ ነው የመጣሁት።»

ድምጿ ንቅንቅ አላለም። ጦርነት ያለፉ፣ በረሃ ያቋረጡ ሰዎች አውቃለሁ፤ አከብራቸዋለሁም። ግን እንደዚያች ሴት ያለ ድፍረት በዓይኔ አላየሁም። ዕድሜዋን ሙሉ አሞኛል ብላ የማታውቅ ሰው፣ በሰው ቋንቋ፣ በአለቃዋ ፊት አመመኝ አለች። ኮራሁባት።

ሥራ አስኪያጁ ገና ወጣት ነው፤ ክፉም አይደለም፤ እሱም ከላይ ቁጥር የሚጠይቀው አለቃ አለበት። ፊቱ ቀላ። እንደ ልማዱ ወደ ቀጣዩ ሰው ዞረ። ቀጣዩ እኔ ነበርኩ።

ሁለት ካርድ፣ አንድ ሂሳብ ልል ተዘጋጅቼ ነበር። አፌን ስከፍት የወጣው ሌላ ነው።

«እንቅልፍ የለኝም» አልኩ። «ከመቼ ጀምሮ እንደሆነም አላውቅም። ሚስቴም አታውቅም።» ከዚያ በላይ መናገር አቃተኝ፤ እኔ፣ ምላስ የማያጥረኝ ሰው፣ ዓይኔ እንባ ሞላ።

እትዬ ክንዴን ያዘች።

«በል ጨርሰው፣ ወንድሜ» አለችኝ በአማርኛ፣ ሁሉም እየሰማ። የመክፈቻው ሰዓት ደርሶ ደንበኞች በሩ ላይ ተሰብስበዋል። ማንም ሊከፍትላቸው አልሄደም። ባልደረቦቼ ክቡን ሳያፈርሱ ቆመው ጠበቁኝ፤ የጀመርኩትን ተናግሬ ጨረስኩት።