የእንፋሎቷ ቅዳሜ

«ዘና በዪ» የሚለውን ምክር መጀመሪያ ያወጣው ሰው፣ አንድ ቀን እንኳ የሰው አንሶላ ተኩሶ የማያውቅ መሆን አለበት። እንፋሎቷ እንደዚያ ነበር የምታስበው፤ ልክም ነች። ቅጽል ስሙን ያወጡላት የልብስ ማጠቢያ ክፍል ባልደረቦቿ ናቸው። ሥራዋ በትልቁ ሆስፒታል ምድር ቤት፣ በእንፋሎት መተኮሻ ማሽን ላይ ነው፤ ቁጣዋም ከማሽኑ ቀድሞ ይፈላል። «ዘና በዪ» ያላት ደግሞ የዚያው ሆስፒታል ሐኪም ነው። ደረቷን እየወጋት ብትሄድ መረመረ፣ መረመረና «ምንም የለብሽም፤ ጭንቀት ነው» ብሎ አሰናበታት። የለበሰውን ነጭ ጋውን ጠዋት የተኮሰችው እሷው ነበረች።

«ዘና!» አለች ደረጃውን እየወረደች። «የት ሆኜ? አንሶላው ላይ ልጋደምልህ?»

ቤትም ቢሆን ያው ነው። በሩን ገፍታ ስትገባ ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ «አንቺ!» ይላታል ባሏ። አንቺ፣ ካልሲዬ የት ገባ? አንቺ፣ ውሃው አልተሞቀም? የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ውስጥ ሻጭ ነው፤ ከሺህ ብሎን መሃል አንዷን ዓይኑን ጨፍኖ ያወጣል፣ ቤቱ ውስጥ ግን ማንኪያ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። ክፉ ሰው እንኳ አይደለም። እጁን አንስቶባት አያውቅም፤ ችግሩ እጁን ለሌላ ነገርም አያነሳም። የወንድሞቹ ሚስቶች፣ እህቶቹ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ሥራ ሲጭኑባት ከጎኗ ቆሞ አያውቅም። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ማለት ይኼ ነው።

አንዲት ጡረታ የወጣች ነርስ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በሆስፒታሉ አሮጌ የስብሰባ አዳራሽ ለሠራተኞች ዮጋ ታስተምር ነበር። እንፋሎቷን ባልደረቦቿ ካልሄድሽ ብለው ወጥረው ያዟት።

«ሳምንቱን ሙሉ አንሶላ ሳጥፍ ከርሜ፣ ቅዳሜ ደግሞ ሄጄ እኔው ልታጠፍ?» አለች። ግን ሄደች፤ ቤት ከመሆን ይሻላል ብላ ነው የሄደችው።

በጀርባቸው ተጋድመው ሳለ አስተማሪዋ በመሃላቸው እየዞረች መጥታ እንፋሎቷ ራስጌ ላይ ቆመች።

«እህቴ፣ አትተነፍሺም እኮ።»

«ባልተነፍስ ቀብሬ ላይ ነበራችኋ!»

ሰው ሁሉ ሳቀ። አስተማሪዋ ግን አልሳቀችም። «እስቲ እጅሽን ወደ ላይ አንሺ» አለቻት። አነሳች። «አየሽ? ትንፋሽሽን ያዝሽው። ሥራሽ ምንድን ነው?»

ነገሩ ያኔ ተገለጠ። የመተኮሻው ክዳን ሲወርድ እንፋሎቱ ሽቅብ ይወጣል፤ ያን ጊዜ አየር የሳበ ጉሮሮው ይላጣል። ስለዚህ ተኳሾች ክዳኑን ከመጫናቸው በፊት ትንፋሻቸውን ይይዛሉ፣ እንፋሎቱ እስኪያልፍ ይጠብቃሉ፣ ከዚያ ይተነፍሳሉ። ማንም አላስተማራቸውም፤ ጉሮሮ ራሱ ያስተምራል። እንፋሎቷ ይህን ለአስተማሪዋ ስታስረዳ ሌላም ነገር ትዝ አላት። «አንቺ!» ስትባልም እንዲሁ ነው የምትይዘው። ቤቷ ውስጥ የሚያቃጥል እንፋሎት የለም፣ ግን ከገባች ጀምሮ እስክትተኛ ትንፋሿን እንደያዘች ነው።

ከዚያ ወዲያ ቅዳሜ አላመለጣትም። ሁሉም ነገር ሲያልቅ ዝም ብሎ መጋደም አለ፤ ማንም ምንም የማይጠይቅበት ጊዜ። አንድ ቀን እንደዚያ ተጋድማ ሳለ ደስ አላት። ምክንያት የለውም፣ ደስ አላት በቃ። ወዲያው ደግሞ ተናደደች። ይህን ያህል ቀላል ነገር ነበር እንዴ ይህን ሁሉ ዘመን የተከለከለችው? ወለልና ዝምታ?

በኋላ አዳራሹ የተሰባበረ አልጋ ማከማቻ ሆነና አስተማሪዋ «በየቤታችሁ ሥሩ» አለቻቸው። እንፋሎቷ ምንጣፍ ገዝታ መኝታ ክፍሏ ውስጥ ዘረጋች። «ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይህ በር ከተዘጋ ሞታለች በሉ!» ብላ ለባሏና ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ለምታጠናው ሴት ልጇ አስታወቀች። ባልየው ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ወደ ክፍሏ ስትገባ ምንጣፏ የለም። ማለቴ አለ፣ ግን አይታይም። ሱፉ፣ ሸሚዙ፣ ቀሚሱ ተከምሮበታል።

«ይህ ምንድን ነው?»

«የነገው ሰርግ ልብስ ነዋ!» አለ ባሏ ከሳሎን። ሰርጉ የታላቅ ወንድሙ ልጅ ነበር። «‹ባለሙያዋ እኔ ቤት እያለች ጋሼ ምን አስጨነቀህ› ብዬው ነው። ላንቺ ምን አላት? ዓይንሽን ጨፍነሽ ትጨርሻታለሽ።»

ቆሽቷ አረረ። ክምሩን በሁለት ክንዷ አቅፋ ሄደችና ጉልበቱ ላይ አራገፈችለት።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል። ተነስና አውርደው!»

በሩን ድርግም አድርጋ ዘጋች። ተጋደመች። ልቧ ቀስ በቀስ ረገበ፤ ትንፋሿ ሆዷ ድረስ ገባ። አሸነፍኩ አለች። እሰይ!

ከዚያ የመተኮሻ ጠረጴዛው ሲዘረጋ ሲጥጥ አለ። የባሏም ድምፅ ተከተለ፤ «ጎበዝ የኔ ልጅ። እናትሽ ዛሬ ትንሽ አልተመቻትም።»

እንፋሎቷ ተነስታ በሩን ገርበብ አደረገች። ልጅቷ የፈተና መጽሐፏን ዘግታ ካውያ ይዛለች። አባት እግሩን አጣምሮ ቴሌቪዥን ያያል። «አንቺ፣ ኮሌታውን አደራ!» ሲል የልጅቷ ትከሻ ሽቅብ ወጣ፤ ትንፋሿን ያዘች። መተኮሻ ማሽን አጠገብ ደርሳ የማታውቅ ልጅ!

እናትየው ደሟ ፈላ። በባሏ ብቻ አይደለም፣ በራሷም ጭምር። ያ ሁሉ ሰላም ከሰማይ የወረደላት መስሏት ነበር፤ ለካ በሩን ስትዘጋ ሸክሙን ልጇ ጫንቃ ላይ ጥላ ነው የገባችው።

«ተነስ!» ብላ ጮኸች። «ካውያውን ከልጄ እጅ ተቀበል!»

«ኧረ ጎረቤት ይሰማል! ተረጋጊ እንጂ! ያ ዮጋሽ ታዲያ ምን ጠቀመሽ?»

«መተንፈስ አስተማረኝ! ይኸው፣ እየተነፈስኩልህ ነው!»

ሰውዬው በሕይወቱ እንዲህ ስትጮህ ሰምቷት አያውቅም። ተነሳ። ካውያውን እንደ እባብ ከራሱ አርቆ ያዘው። እንፋሎቷ ልጇን ክፍሏ አስገብታ በሩን ዘጋች፣ ምንጣፉ ላይ አስተኛቻት፣ ራሷ ባዶ ወለሉ ላይ ተጋደመች።

«እማዬ፣ ቢያቃጥለውስ?»

«ያቃጥለው።»

ብዙም ሳይቆይ ከሳሎን የተቃጠለ ጨርቅ ሽታ መጣ። ልጅቷ ብድግ ልትል ስትል እናቷ ክንዷን ያዘቻት።

«ተኚ» አለቻት። «አባትሽ እየተማረ ነው።»