እናቴ የማትጠራው ፓስወርድ

አንደኛ ክፍል ልመዘገብ የሄድን ቀን በእናቴ ያፈርኩትን ያህል በማንም አፍሬ አላውቅም። መዝጋቢው ከመስኮቱ ወዲያ ሆኖ ስሜን ጠየቃት፤ ነገረችው። የአባቴን ስም ጠየቃት፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነገረችው። «የአያት ስም?» ሲላት ግን ወደ እኔ ዞረች። ሰውየው ለአገሩ አዲስ ነበርና ጥያቄውን ደገመው። እናቴ በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ፤ እኔ ደግሞ አያቴ «አባባ» ከመባል ሌላ ስም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም። መዝጋቢው ከኋላችን የተሰለፉትን ወላጆች እያየ፣ «እናት ሆና የልጇን ሙሉ ስም አታውቅም» አለ። ሰልፉ ሳቀ። የሳቁት በእሷ ሳይሆን በሰውየው እንደነበር የገባኝ ካደግኩ በኋላ ነው። ያን ቀን ግን የቅጹ ሦስተኛዋ ሳጥን ባዶዋን ቀረች፤ በማግስቱ አባቴ መጥቶ ሞላት።

በሐዲያም በከምባታም ያገባች ሴት የባሏን አባትና እናት በስማቸው አትጠራም። ባሊሻ ይባላል። ስሙን ብቻ ሳይሆን አጀማመሩ ከስሙ ጋር የሚመሳሰለውን ቃል ሁሉ ትታ ሌላ ቃል ትተካለታለች። አሁን ያሉት ወጣት ሚስቶች ብዙም አይጨነቁበትም። እናቴ ግን ከከምባታ ዶዮገና ወደ ሐዲያ ሌሞ ተድራ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ አንድ ጊዜ እንኳን አልተሳሳተችም። አዋላጅ ነርስ ናት፤ ነጭ ጋውን ለብሳ ሐኪም ስትቆጣ አይቻታለሁ፤ በግማሽ ሌሊት ስልክ ተደውሎላት በፈረስ ጋሪ ወደ ምጥ ስትሮጥ አይቻታለሁ። የአማቷን ስም ስትጠራ ግን አላየሁም። አያቴ ከሞተ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ እሷ ግን ዛሬም ከበር ውጪ ቆሞ የሚሰማት ይመስል ትጠነቀቃለች።

እኔ ዛሬ ሆሳዕና ውስጥ በአንድ ኮሌጅ ሬጅስትራር ቢሮ እሠራለሁ። ቀኑን ሙሉ ከመስኮት ወዲህ ተቀምጬ «ሙሉ ስም እስከ አያት» ስል ነው የምውለው። ትዕግሥቴ አጭር ነው፤ ተማሪዎቹም ያውቁታል። ይህን የምጽፈውም የትዕግሥቴ ማጠር አንድ ጊዜ ክፉኛ ስላሳፈረኝ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከራሴ ነው። ቢሯችን ኮምፒውተሮቹን ቀየረ። እኔም በአዲሱ ኮምፒውተር ኢሜይሌን ልከፍት ስቀመጥ ፓስወርዱን አላውቀውም። ሌላውንም አላውቀውም። ለዓመታት ሁሉን ነገር ሲከፍትልኝ የኖረው የድሮው ብራውዘር ነበር፤ እኔ አውቃለሁ እያልኩ ራሴን እያታለልኩ ኖሬያለሁ። የማውቀው አንድ ቃል ብቻ ነበር፤ መጨረሻው ላይ አንድ፣ አንዳንዴ ሁለት፣ ሲብስ ሦስት እየጨመርኩ ለሁሉም የምጠቀምበት። የኮምፒውተር ባለሙያችን፣ ከእኔ በአሥር ዓመት የምታንስ ሴት፣ አጠገቤ ቁጭ ብላ ሳቀችብኝና ፓስወርድ ማናጀር የሚባለውን አሳየችኝ።

ሐሳቡ ቀላል ነው አለችኝ። ፓስወርዶችሽን ሁሉ አንድ ሳጥን ውስጥ ትከቻቸዋለሽ፤ ሳጥኑን የሚከፍተው አንድ ረጅም ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱን ጭንቅላትሽ ውስጥ ትይዣለሽ። የቢሮው ብራውዘር ላይ ትንሽ ምልክት ጨመረችልኝ፤ ስልኬ ላይ አፑን ጫንን፤ ቤት ያለው ላፕቶፕ ሌላ ዓይነት ብራውዘር ስላለው እዚያ ራሴ እንድጭነው አደረገችኝ። መጀመሪያ አላመንኩትም። እንቁላል ሁሉ አንድ ቅርጫት ውስጥ እንደማስቀመጥ መሰለኝ። ግን ጠዋት ስልኬ ላይ ያስቀመጥኩት ፓስወርድ ከሰዓት ቢሮ ኮምፒውተሬ ላይ ራሱ ብቅ ሲል ልቤ ሞቀ። ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አንዱን አካውንት እከፍታለሁ፤ አሮጌውን ቃል እጥላለሁ፤ ማናጀሩ ራሱ የፈጠረውን፣ ማንም ሊያስታውሰው የማይችለውን የፊደልና የቁጥር ዝብርቅ አስገባለሁ፤ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። ስጨርስ ቤቴን ከጥግ እስከ ጥግ ያጸዳሁ ያህል ደስ አለኝ።

አዲስ ነገር ያወቀ ሰው ዝም ማለት አይችልም። ለእናቴ ልነግራት ሄድኩ። እሷ ግን ሌላ ጭንቀት ላይ ነበረች።

አባቴ ካረፈ ዓመት ሊሞላው ነበር። የሙያ ፈቃዷ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ቀርቶታል። እድሳቱ ደግሞ በኢንተርኔት ነው። ካልታደሰ ከዘጠኝ ቀን በኋላ ምጥ የያዛትን ሴት መንካት አትችልም። በጤና ጣቢያው ክትትል ላይ ያሉ፣ «እሷ ካልሆነች» የሚሉ እርጉዞች ነበሩ። ጡረታዋ ገና ነው፤ መሥራት ትፈልጋለች፤ አባቴ ከሄደ ወዲህ ደግሞ ጠዋት ከአልጋ የሚያስነሳት ሥራዋ ነው። ከዚህ በፊት ማመልከቻውን ሁሉ የሚሞላላት አባቴ ነበር። እሱ ላፕቶፑ ፊት ይቀመጣል፤ እሷ ከኋላው ቆማ መነጽሯን እየጠረገች «ጨረስክ?» ትለዋለች። ላፕቶፑ ተበላሽቶ አስጠግነነዋል፤ የጠገነው ልጅ ግን ውስጡን ሁሉ አጥፍቶታል። «ፓስወርድ ረሳሁ» የሚለውን ስነካው ደግሞ ኮዱን የላከው ወደ አባቴ ስልክ ነው። የአባቴ ቁጥር ተዘግቷል።

ቅዳሜ ጠዋት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ተቀመጥን።

«እማዬ፣ ፓስወርዱን አባዬ ነግሮሽ ነበር?»

«ነግሮኛል።»

«ምንድነው?»

የጠረጴዛውን ልብስ በእጇ ማስተካከል ጀመረች።

የረሳች መሰለኝ፤ አዘንኩላትም። መገመት ጀመርኩ። የተጋቡበትን ዓመት ሞከርኩ። የእኔን ስም ሞከርኩ። የተወለደበትን ቀበሌ ሞከርኩ። በእያንዳንዱ ጊዜ ዞር ብዬ ሳያት አይደለም ብላ ራሷን ትነቀንቃለች፤ እንዳልረሳችው ያ ራሱ ሊያሳየኝ ይገባ ነበር። አምስተኛው ላይ ገጹ ተዘጋና እስከ ነገ ጠብቁ አለን።

ያኔ ነው ትዕግሥቴ ያለቀው። «እማዬ፣ ረስተሽ ከሆነ ረሳሁ በይኝ፤ ቢያንስ ሌላ መላ እንፈልግ» አልኳት። ድምፄ እናቴ ፊት መውጣት ከሚገባው በላይ ወጣ።

«አልረሳሁም።»

«ታዲያ ንገሪኛ።»

«አልልም» አለች። ተቆጥታ አልነበረም። «ልለው አልችልም፣ ልጄ።»

«እሺ ጻፊው። መጻፍ መናገር አይደለም።»

«እጄ የማን እጅ ነው ታዲያ?» አለችኝ።

ተነስታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። የቆርቆሮ ሳጥኗ ሲከፈት ሰማሁ። የእኔን የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት ይዛ ተመለሰች። ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው፤ አውራ ጣቷን በስሜ ላይ፣ ሌባ ጣቷን በአባቴ ስም ላይ አደረገች። ያልተሸፈነ አንድ ስም ብቻ ቀረ። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

የአያቴ ስም ነበር። መታወቂያዬ ላይ ያለው፣ ደመወዝ ስቀበል የምፈርምበት፣ በቀን ስንት ጊዜ የምጽፈው ስም። ያን ሁሉ ስገምት እሱ አንዴም አልመጣልኝም።

«ቤት ቁጥራችንን ከኋላው አድርጎበታል» አለች፣ ቁጥሩ ክልክል ስላልነበረ። ከዚያ ሳቅ አመለጣት። «እኔ እኮ ብዬው ነበር። ሌላ ነገር አድርግ፣ ይህን እኔ ምን ላደርገው ነው አልኩት። እሱ ምን አለኝ መሰለሽ? ከዚህ የተሻለ ሚስጥር አላገኝም፤ አንቺ ብትገረፊ እንኳን አታወጪውም አለኝ።»

እኔም ሳቅኩ፤ ሳቁ ግን መሐል ላይ ወደ ለቅሶ ዞረብኝ። አባቴ እንዲህ ነበር። እሷ የማትለውን እሱ ሊልላት፣ የማትጽፈውን ሊጽፍላት ሁልጊዜ አጠገቧ የሚኖር መስሎት ነበር። አንድ ቀን እሷ ብቻዋን ከዚያ ቃል ፊት ትቆማለች ብሎ አላሰበም። ስለጮህኩባት ይቅርታ ጠየቅኳት። «ንዴትሽ የአባትሽ ነው» አለችኝ፤ ይህን ስትለኝ ደስ እያላት ነበር።

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ገጹ ተከፈተልን። በመጀመሪያው ሙከራ ገባሁ። ስሙን ስጽፍ ሳላስበው ጮክ ብዬ ጠራሁት፤ እናቴ እንደ አዲስ ሙሽራ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች።

ከዚያ ሥራ ጀመርን። ስልኳ ላይ ማናጀሩን ጫንኩ፤ ላፕቶፑ ብራውዘር ላይም ጨመርኩ። ጤና ጣቢያ ያለው ኮምፒውተር ላይ ግን እንዳትጭነው ነገርኳት፤ እሱ የሁሉም ነው። ሳጥኑን የሚከፍተውን ዓረፍተ ነገር ራሷ እንድታወጣ አስረዳኋት። ረጅም ይሁን፤ አንቺ የማትረሺው፣ ሌላ ሰው የማይገምተው ይሁን አልኳት።

«ላንቺም አልነግርሽም?»

«ለእኔም።»

ይህ በጣም ደስ አላት። ስልኩን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞራ ተቀመጠች። በአንድ ጣት፣ ፊደል በፊደል፣ ብዙ ቆይታ ጻፈች። ምን እንደጻፈች ዛሬም አላውቅም። የመክፈቻው ዓረፍተ ነገር ቢጠፋት የምትጠቀምበትን ኮድ ወረቀት ላይ ጽፋ ከሰርተፍኬቴ ጋር ቆርቆሮ ሳጥኑ ውስጥ ቆለፈችበት።

የፈቃዱንና የኢሜይሏን አሮጌ ፓስወርድ ልቀይር ስል ግን እጄ ተያዘ። ደካማ ቃል ነበር፤ ለሁሉም አንድ ነበር፤ መቀየር እንዳለበት አውቃለሁ። ግን አባቴ በጣቱ የጻፈው ነው። እሱን ማጥፋት ወንበሩን ከጠረጴዛው እንደማንሳት ሆኖ ተሰማኝ።

እናቴ ገባት። «ቀይሪው» አለች። «እሱ ካንቺ ስም ላይ አይጠፋም።»

ቀየርኩት። ወደ አባቴ ስልክ ይሄድ የነበረውንም ኮድ ወደ እሷ ስልክ አዞርኩት። በመጨረሻ እዚያው ማናጀሩ ውስጥ የሰው መረጃ ማስቀመጫ ስላለ የራሴን ሙሉ ስም፣ ስልክና አድራሻ መዘገብኩላት። «ቅጹ የቅርብ ተጠሪ ሲልሽ እዚህ ትነኪያለሽ፤ ራሱ ይሞላዋል» ብዬ አሳየኋትና ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሥልጠናዋን የሚያሳዩ ወረቀቶች ስላልተሟሉላት ቅጹ በዚያ ቀን አልተላከም። ሰኞም ማክሰኞም ደወልኩላት፤ «ተይኝ፣ ራሴ እሞክረዋለሁ» አለችኝ። አላመንኳትም፤ ረቡዕ ከሥራ ስወጣ ሄጄ ልሞላላት ወስኜ ነበር።

ረቡዕ አራት ሰዓት ላይ መስኮቴ ፊት የተማሪ ሰልፍ እያለ ስልኬ ጮኸ። እናቴ የላፕቶፑን ስክሪን ፎቶ አንስታ ልካልኛለች፤ ፎቶው ተንጋዷል፤ የጣቷም ጥላ ገብቶበታል። ላይኛው ላይ «ማመልከቻዎ ደርሶናል» ይላል። ከሥር የተጠሪ ስም የሚሉ ሦስት ሳጥኖች አሉ። በመጀመሪያው ስሜ፣ በሁለተኛው የአባቴ ስም፣ በሦስተኛው የአያቴ ስም። ሦስቱም ተሞልተዋል።

ለተማሪዎቹ አንድ ደቂቃ ብዬ ወደ ኮሪደሩ ወጣሁና ደወልኩ።

«እማዬ፣ ማን ሞላልሽ?»

«ማን ይሞላልኛል። ብቻዬን ነኝ» አለች። «ነካሁት፤ እሱ ሞላው። አፌም አልጠራውም፤ እጄም አልጻፈውም።»

ፈቃዷ ቀኑ ሳያልፍ ታደሰላት፤ ዛሬም እያዋለደች ነው። ያን ቀን ግን ስለ ፈቃዱ ብዙ አላወራንም። ልዘጋ ስል «ቆይ» አለችኝ።

«ያ አንደኛ ክፍል የመዘገበሽ ሰውዬ» አለችኝ፣ «አሁን ቢያየኝ ደስ ይለኝ ነበር።»

እኔ ብቻ የማስታውሰው ይመስለኝ ነበር።