የሽኝት መብራት

ባለቤቴ ነጋ ሠላሳ አንድ ዓመት የመብራት ሠራተኛ ነበር። ምሰሶ ላይ ይወጣል፣ የተቃጠለ ፊውዝ ይቀይራል፣ የወደቀ ሽቦ ያነሳል። በለቡ መብራት ኃይል ሰፈር ሲያልፍ ሰው ሰላም ከማለቱ በፊት «ጋሽ ነጋ፣ መብራት መቼ ነው የሚመጣው?» ይለው ነበር። እሱም «እኔ ስደርስ» ብሎ ያልፋል። ጡረታ ከወጣ በኋላም መጠየቃቸውን አልተዉም፤ መልሱን ግን «እኔንም ጥሎኝ ሄዷል» ወደሚል ቀየረው።

ልጃችን ጸደንያ ሙያውን ከአባቷ ወረሰች የሚሉ ነበሩ። እንደዚያ እንኳን አይደለም። ነጋ የሚያውቀው መብራት ወይ ይበራል ወይ ይጠፋል። የእሷ ሥራ በሁለቱ መካከል ያለው ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን የመድረክ መብራቶችን ካስገባ ጀምሮ አራት ዓመት ከአዳራሹ ጀርባ ከማሽኑ አጠገብ ተቀምጣለች። ለዝማሬው፣ ለጸሎቱ፣ ለስብከቱ የሚሆነውን ብርሃን ቀደም ብላ ማሽኑ ላይ ታስቀምጣለች፤ እሑድ ጠዋት አንድ ቁልፍ ስትጫን መድረኩ በዝግታ መልኩን ይለውጣል። ነጋ ሰው ስብከት የሚሰማው በጆሮው ነው፣ ሐምራዊው ለምኑ ነው እያለ ይቀልድባት ነበር። «አባዬ፣ አንተ ምሰሶህ ላይ ውጣ» ትለዋለች።

አምና በኅዳር፣ ሀና ማርያም መታጠፊያ ላይ መኪና ገጫት። ሃያ ስምንት ዓመቷ ነበር። ሰርጓ ለጥር ተቆርጦ ነበር። ስለዚያ ቀን ከዚህ በላይ አልጽፍም።

የሽኝት ፕሮግራሟ እዚያው አዳራሽ ሆነ። ማሽኑን በደንብ የምታውቀው እሷ ብቻ ስለነበረች ማንም አልነካውም፤ የጣሪያው ነጭ መብራት ብቻ በራ። ልክ ከሣጥኑ በላይ ያለው ፍሎረሰንት ብልጭ ድርግም ይል ነበር። እኔ አላየሁትም። ነጋ ግን ሌላ ነገር አላየም። በሦስተኛው ቀን፣ ለቀስተኛው ትንሽ ጋብ ሲል፣ «ስታርተሩ ነው። ለመቀየር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም ነበር» አለኝ። ስለዚያ ብልጭ ድርግም ስለሚል መብራት እንደሚያወራ እስኪገባኝ ቆየሁ።

ጥር ሲገባ የድምፅ ባለሙያው ብሩኬ ዘንድ ሄዶ ማሽኑን አስተምረኝ አለው። ብሩኬ በኋላ እንዳጫወተኝ፣ ሰውዬው በልጁ ወንበር ላይ ትንሽ መቀመጥ ፈልጎ ነው ብሎ ገምቶ ነበር። ነጋ የፈለገው ሌላ ነው። ለእኔ የነገረኝ እንዲህ ብሎ ነው፦ «ከእንግዲህ ከዚያ አዳራሽ ማንም ሰው በዚያ ዓይነት መብራት አይሸኝም።»

ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ደብተሩን ይዞ ይሄዳል። ስድሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ ወፍራሞች ስለሆኑ አንዱን ቁልፍ ሲጫን ጎረቤቱን ይነካል። ብሩኬም ቢሆን የሚያውቀው ግማሹን ነው፤ የቀረውን ሁለቱ እየተከራከሩ ነው ያገኙት። ነጋ ሊዋጥለት ያልቻለው አንድ መብራት እስኪበራ ስምንት ሰከንድ መሰጠቱ ነበር። ስምንት ሰከንድ ሙሉ ምን ያደርጋል ብሎ ሲጠይቅ፣ «ይመጣል፣ ጋሼ። መምጣቱ ራሱ ሥራ ነው» አለው ብሩኬ። ነጋም «እኛ ጋ እስኪመጣ ስምንት ሰዓት ይፈጅ ነበር» አለው። ከኅዳር ወዲህ የቀለደው ያን ቀን ብቻ ይመስለኛል።

ማሽኑ የእኛን ፊደል አያውቅም። ጸደንያ ያዘጋጀቻቸውን ብርሃኖች ሁሉ በአማርኛ ሰይማ በፈረንጅ ፊደል ነበር የጻፈችው። ነጋ አንድ በአንድ ፊደል እየቆጠረ ያነባል፤ ዝማሬ፣ ጸሎት፣ የጌታ እራት። የሚያነበውን እየተጫነ ያያል፤ ያየውንም ደብተሩ ላይ ይጽፋል። ከሁሉ መጨረሻ አንድ ስም አገኘ። ሽኝት ይላል። ነጋም ብሩኬም ምን እንደሆነ አልተጠያየቁም። ከጸደንያ ቀን ወዲህ ለእኛ ያ ቃል ሌላ ትርጉም አልነበረውም።

እሱን ብቻ ሳይሞክሩት ተዉት። የሞተ ሰው ሳይኖር የቀብር መብራት መሞከር ሞትን መጥራት ሆኖ ታያቸው። ብሩኬ የተማረ ልጅ ነው፤ እሱም እጁን ሰበሰበ። ነጋ ሲነግረኝ እኔም ደግ አደረጋችሁ አልኩት።

በሰኔ ጋሽ እስጢፋኖስ የሚባሉ የቤተ ክርስቲያኑ አንጋፋ አባል አረፉ። ነጋ በዋዜማው ሄዶ የጣሪያውን ፍሎረሰንት ሁሉ አየ፤ የተጠራጠረውን ቀየረ። በማግስቱ አራት ሰዓት ላይ ሣጥኑ ገብቶ ከመድረኩ ሥር ተቀመጠ። ነጋ ሽኝት የሚለውን ተጫነ።

መጀመሪያ መልካም ነበር። መድረኩ ቀስ ብሎ ወደ ጥልቅ ሰማያዊ ሄደ፤ ተማረ ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ከዚያ ከግራና ከቀኝ ወርቃማ መጣ፣ ወርቃማው ጽጌረዳ ሆነ፤ የሚዞሩት መብራቶች ከመድረኩ ተነስተው በሣጥኑ ላይ እየተሽከረከሩ አለፉ፣ በመካከለኛው መተላለፊያ በሰው ራስ ላይ እስከ በሩ ሄዱ። ከበሩ ሲደርሱ እንደገና ከመድረኩ ጀመሩ። የሟች ባለቤት ነጠላቸውን ከፊታቸው ገልጠው ቀና አሉ። አንድ ሕፃን አጨበጨበ።

ዞሬ ሳይ ነጋ ቁልፎቹን ሁሉ እየነካ ነው። ማስጀመር እንጂ ይህን ማስቆም አልተማረም። ሦስተኛው ዙር ሲጀምር ሠላሳ አንድ ዓመት የሚያውቀውን አደረገ፤ ወደ ግድግዳው ሄዶ ዋናውን ብሬከር ጣለው። ማይኩም ጥቅስ እየተነበበ ከመሃል ተቋረጠ። ከየአቅጣጫው ዝቅ ባለ ድምፅ መብራት ሄደ፣ መብራት ሄደ ተባለ። ሰው እፎይ ያለ መሰለኝ። የቀረው ፕሮግራም በመስኮት ብርሃን አለቀ።

ነጋ ዝም ቢል ነገሩ በዚያው በቀረ ነበር። ማሽኑ ተበላሽቶ፣ ቀጥሎም መብራት ሄዶ ነው የሚሉት። እሱ ግን ለቅሶ ቤት ሄዶ በባለቤታቸው ፊት ቆመና እኔ ነኝ አላቸው። እሳቸው ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው መለሱት። ከቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አንዱ የሆኑት አቶ ቀጄላ እጁን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ክፋት እንደሌለበት ሁሉም እንደሚያውቅ ነገሩት፤ ነገር ግን ያ ነገር ከማሽኑ ይውጣ፣ ነገ ሌላ ሰው ቢነካውስ አሉት።

ያን ዕለት ጸደንያ ለሥራዋ የምትይዘውን ማስታወሻ ከዕቃዎቿ መካከል አወጣሁት። ከሞተች ጀምሮ አልከፈትኩትም ነበር። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ቃል ኪዳን ከተገባ በኋላ ወላጆች ሙሽሮቹን ከመድረክ እስከ በሩ ድረስ ይሸኛሉ። የመጨረሻው ገጽ ላይ እንዲህ ይላል፦

«ሽኝት። ከመድረክ እስከ በር። አባዬ ይፈጥናል፣ መብራቱ ይቅደመው። እማዬ ታለቅሳለች፣ ፊቷ ላይ አይብራ።»

ለነጋ አነበብኩለት። ድገሚው አላለኝም።

ብሩኬ ማጥፋቱን አልወደደም። ስሙን እንቀይረውና ይቀመጥ አለ። ነጋ እኛ ጋ አገልግሎት የሌለው መስመር ከምሰሶው ይወርዳል፤ ይቆይ ተብሎ የተተወ ሽቦ አንድ ቀን ሰው ይይዛል አለው። ብሩኬ በፍላሽ ልያዘው ሲለውም ነጋ «ማን ይከፍተዋል?» አለ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን እየተመላለሰ የእያንዳንዱን መብራት ቁጥር፣ ቀለሙን፣ ስንት በመቶ እንደሚበራ፣ ስንት ሰከንድ እንደሚፈጅ ደብተሩ ላይ ገለበጠ። አሥራ አንድ ገጽ ወጣው። ለቀብር የሚሆነውንም አዲስ ሠራ፤ ነጭ፣ አርባ በመቶ፣ ስምንት ሰከንድ።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አብሬው እንድሄድ ጠየቀኝ። አዳራሹ ባዶ ነበር፤ መጋረጃዎቹን ዘጋቸው። እኔና እሱ ስንጠራራ ዛሬም በልጃችን ስም ነው።

«የጸዲ እናት፣ ፊት ሄደሽ ተቀመጪ» አለኝ።

የሙሽራ እናት የምትቀመጥበት፣ በግራ በኩል ያለው የመጀመሪያው ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ሰማያዊው መጣ፣ ወርቃማው፣ ጽጌረዳው። መብራቱ ከመድረኩ ተነስቶ በባዶው መተላለፊያ እስከ በሩ ሄደ። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። ግራና ቀኜ ሁሉ ቀለም ሆነ፤ እውነትም ፊቴ ላይ አልበራም።

ሲያበቃ ተነስቼ ከኋላው ቆምኩ። ማሽኑ አንድ ጥያቄ ጽፎ ቆሟል። ነጋ ጣቱን በፊደሎቹ ላይ እያስኬደ አነበበው።

«እርግጠኛ ነህ ወይ ነው የሚለው» አለኝ።

«ቁጥሩን ሁሉ ጽፈሃል?»

«ጽፌያለሁ።»

«እንግዲያው ተጫነው።»

ሌላውን እንዳይነካ ጣቱን በጠርዙ አድርጎ ተጫነ። ስሙ ከዝርዝሩ ጠፋ፤ ከሥሩ የነበረው አዲሱ ወደ ላይ ከፍ አለ። ከዚያ ማሽኑን ዘጋው፣ መድረኩም ጨለመ።

የቤተ ክርስቲያኑ ጥበቃ ሙሄ በሩን ገፋ አድርጎ አንገቱን አስገባ።

«ጋሽ ነጋ፣ መብራት ሄደ እንዴ?»

«አልሄደም» አለው ነጋ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት።»