ደሳለኝ ከፉርሽካ ያወጣው ዘይት

ዛሬ በጓደኛዬ በደሳለኝ ተዝካር ላይ እናቱ እማማ ጥሩዬ ትንሽ የዘይት ጠርሙስ ይዘው ከጓዳ ወጡ። ልጃቸው የሰጣቸው ነው። ከፍተውት አያውቁም።

ደሳለኝ እዚህ ደብረ ታቦር የኬሚስትሪ መምህር ነበር። ከስንዴ ፉርሽካ ዘይት የማውጣት ሙከራ ያደርግ ነበር። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚውለው ከነዳጅ የሚገኝ ፈሳሽ ነው። እሱ በአልኮል ተካው፤ ለሠራተኛውም ለአየሩም ይሻላል ብሎ።

ከአንድ ጆንያ የሚገኘው ዘይት ጥቂት ነው። ጎረቤቶቹ «የላሞቻችንን ራት ጨረስከው» እያሉ ይቀልዱበት ነበር።

እናቱ ግን አልቀለዱም። ባላቸውን የገደለባቸው አረቄ ነው። ከዚያ ወዲህ አረቄ ላይቀምሱ ምለዋል።

«አልኮሉ እኮ ተንኖ ያልቃል፣ እማዬ» ቢላቸው «አረቄ የነካው እኔ አፍ አይገባም» አሉት። ለጾም ወጣቸው ያመጣው ጠርሙስ እንደታሸገ ቀረ። እስኪሞት ድረስ ቅር ይለው ነበር።

ዛሬ ረቡዕ ስለሆነ ወጡ የጾም ነው። እማማ ጥሩዬ ጠርሙሱን ከፍተው ደጋግመው አሸተቱት። ከዚያ ጣታቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ።

«ምንም የለበትም» አሉኝ። «እውነቱን ነበር ለካ።»

«አዎ፣ እማማ።»

«ምነው ያኔ ብቀምስለት» አሉና ዘይቱን ሽሮው ላይ አፈሰሱት። ሁላችንም ከሽሮው በላን።

እናንተስ ሰጪው ካለፈ በኋላ የከፈታችሁት ስጦታ አለ? ካለ እዚህ ጻፉልኝ።