ዳልቺትና የነቀዝ መድኃኒቱ

ባለፈው ሰሞን ሽንብራ ገዝቼ ገባሁና ኩሽና ውስጥ ጆንያውን ስፈታው ያ ሽታ ወጣ። ነጭ ሽንኩርትና ጋዝ አንድ ላይ የተለወሱ የሚመስል፣ ጉሮሮ ላይ ቁጭ የሚል ሽታ ነው። ነጋዴ እህሉን ነቀዝ እንዳይበላበት የሚነሰንሰው ዱቄት መሆኑን ማንም ሊነግረኝ አያስፈልግም። ልጄ "እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው?" እስክትለኝ ድረስ የጆንያውን አፍ ጨብጬ ቆሜ ቀርቻለሁ። ምንም አልሆንኩም አልኳት። በዚህ ሽታ የተነሳ ብዙ ዓመት ይዤው የኖርኩት ነገር አለ፤ ዛሬ እሱን ላጫውታችሁ።

ያኔ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። እናቴ መርካቶ፣ በርበሬ በረንዳ ውስጥ ሱቅ ነበራት፤ ከፊት ዛላ በርበሬ የታጨቀባቸው ጆንያዎች፣ ከኋላ ደግሞ ባቄላና ሽንብራ የምናስቀምጥበት ጨለም ያለ መጋዘን። ጣሪያው በምስማር ተበሳስቶ ስለነበር ረፋድ ላይ ብርሃኑ በየቀዳዳው ይወርድና የበርበሬው ብናኝ ውስጡ ሲንሳፈፍ ይታያል። አዲስ ገበያተኛ ሦስት ጊዜ ሳያስነጥስ ዋጋ መጠየቅ አይችልም። እኛ ለምደነዋል፤ ዳልቺትም ለምዳዋለች።

ዳልቺት ድመታችን ናት። አመድማ፣ የአንድ ጆሮዋ ጫፍ የተቀደደ፣ ኮስታራ ድመት ነበረች። እናቴ ያስቀመጠቻት አይጥ እንድትይዝላት ብቻ ነው፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ ፊቷንም አታያትም። እኔ ግን ወንድም እህት የለኝም፤ ከትምህርት ቤት ስመለስ ጭኔ ላይ ወጥታ የምታንኮራፋልኝ እሷ ነበረች። እንደ ሰው ነበር የምወዳት።

ክረምቱ እንደወጣ ማከክ ጀመረች። መጀመሪያ ቸል አልነው። ከዚያ ጭራዋ ሥር ፀጉሯ ሳሳ፣ አንገቷ ላይ ቅርፊት ያዘ። ፀጉሯን ገለጥ ሳደርገው የጥቁር አዝሙድ ስባሪ የመሰለ ነገር ቆዳዋ ላይ ተበትኖ አየሁ፤ የቁንጫ ኩስ መሆኑን ያወቅሁት በኋላ ነው። አንድ ቀን ደህና ደንበኛችን የነበረች ሴት ቁርጭምጭሚቷን እያከከች ሳትገዛ ወጣች። እናቴ ሴትየዋን በዓይኗ ሸኘቻትና ወደ እኔ ዞረች።

"እስከ እሑድ ቁንጫዋ ካልጠፋ ድመቷ ትወጣለች" አለችኝ።

እናቴ ያለችውን የምታደርግ ሴት ናት። ሦስት ቀን ምን እንደማደርግ ሳሰላስል ሰነበትኩ።

የነቀዝ መድኃኒቱን እናቴ በዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ አድርጋ ከላይኛው መደርደሪያ ላይ ታስቀምጠው ነበር። ጆንያዎቹ መሃል ትነሰንሰዋለች፤ ቁንጫ ሲበዛ ደግሞ ቤት ወስዳ ፍራሹ ሥር። ፍራሹ ሥር በተነሰነሰ ማግሥት ቁንጫ የሚባል ድራሹ ይጠፋል። የአካባቢው ሰው ሁሉ እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ ክፉም ደግም አይመስለንም። እኔም ፍራሽ ላይ የሠራ ድመት ላይ የማይሠራበት ምክንያት አልታየኝም። ጣሳውን እንዳልነካ በጥብቅ ተነግሮኛል። ቅዳሜ ጠዋት እናቴ ሱቁን ለእኔ ትታ ቤተ ክርስቲያን ልትሳለም ስትሄድ በርጩማ ላይ ወጣሁና አወረድኩት። ሁለት እፍኝ ሙሉ ጀርባዋ ላይ፣ ሆዷ ላይ፣ ብብቷ ውስጥ አሸሁላት። ቁንጫዎቹ እየተንጠባጠቡ ሲወድቁ አየሁ። ጣሳውን መለስኩ፣ እጄን ለቅለቅ አደረግሁ፣ ራሴን እንደ ሐኪም ቆጠርኩ።

ዳልቺት አንድ ጆንያ ላይ ወጥታ ራሷን መላስ ጀመረች። እየላሰች ቆየች። እኔ እያየኋት ነበር።

እናቴ ስትመለስ ድመቷ ከመጋዘኑ እየተንገዳገደች ወጣች። አፏ ለሃጩን ያዝረበርባል። ዓይኖቿ ያለቅሳሉ። የኋላ እግሮቿ ከዷትና ወለሉ ላይ ዘፍ አለች፤ ሽንቷንም እዚያው ለቀቀች። ከዚያ መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ቆዳዋ ከሥሩ የሆነ ነገር የሚሮጥበት ይመስል ነበር።

"መርዝ ነው" አለች እናቴ። ወዲያው ዓይኗ ወደ ጎን ሱቅ ዞረ።

ጎን ያለው ሱቅ የኮረሪማ ነጋዴው ነበር። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸው ከፍ ያለ፣ ልባቸው ግን ገር የሆነ ሰው ነበሩ። ከእናቴ ጋር በጉርብትና ስምንት ዓመት አሳልፈዋል፤ በርበሬ ፈላጊ እሳቸው ጋ ሲመጣ ወደ እኛ ይልካሉ፣ ኮረሪማ ፈላጊ እኛ ጋ ሲመጣ እናቴ ወደ እሳቸው ትልካለች። ግን በዚያው ሳምንት ዳልቺት የተከፈተ የኮረሪማ ጆንያቸው ላይ ሸንታባቸው፣ "ይቺን ድመት አንድ ቀን መድኃኒት ነው የማበላት" ብለው ጮኸዋል። መስመሩ ላይ ያለ ሱቅ ሁሉ ሰምቷል።

እናቴ በራቸው ላይ ቆመች። ጋሼ ትላቸው የነበረችው ሴት "አንተ" አለቻቸው። "ያልከውን አደረግህ አይደል? ልጅ ባለበት ቤት መርዝ ትበትናለህ?"

እሳቸው ሚዛኑን እንደያዙ ደነገጡ። "እንጀራዬን ይንሳኝ አላደረግሁም። በንዴት የተባለ ነገር እኮ ነው፣ እትዬ።"

ሰው ተሰበሰበ። ተሸካሚዎች ሳይቀሩ ሸክማቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ቆሙ። እናቴ ወተት አምጥታ የድመቷን አፍ በግድ ፈልቅቃ ታፈስላት ጀመር፤ መርዝ በወተት ይበርዳል ይባል ነበር። ዳልቺት ትን አላት፤ ወተቱ በአፍንጫዋ ወጣ። እኔ ጆንያ ተደግፌ ቆሜያለሁ። አሁን እናገራለሁ፣ ይኸው አሁን እናገራለሁ እላለሁ፤ ሰው በጨመረ ቁጥር ምላሴ ይተሳሰራል። እናቴን ፈራኋት፤ እውነቱ ይኸው ነው። ከድመቷም ከሰውየውም ይልቅ ስለ ራሴ ነበር የማስበው።

የኮረሪማ ነጋዴው ሰዉን ገፋ አድርገው ገቡና ዳልቺትን ከእናቴ እጅ ወሰዷት። በጋቢያቸው ጠቅልለው ዘንቢል ውስጥ አስተኟት።

"እህል በረንዳ አህዮቹን የሚያክመው ዶክተር ዛሬ ቀኑ ነው" አሉ። "እወስዳታለሁ። እሱ ይናገር። ልጅሽ ትከተለኝ፤ ትመስክር።"

እናቴ ሱቁን ጥላ መሄድ አልቻለችም። ጆሮዬ ላይ ጎንበስ ብላ "ከዓይንሽ እንዳይጠፉ፤ የሆነ ቦታ እንዳይጥሏት" አለችኝ። ለጥበቃ ላከችኝ ማለት ነው፤ ወንጀለኛዋ ንጹሑን ልትጠብቅ ሄደች።

ያ መንገድ ዛሬም ሳስበው ረጅም ነው። የቅዳሜ ገበያ ነው፤ ጋሪ፣ ሸክም፣ "ዞር በሉ" የሚል ጩኸት፣ የሚኒባስ ጥሩንባ። እሳቸው ዘንቢሉን ደረታቸው ላይ አቅፈው በክርናቸው ሰው እየገፉ ከፊቴ ይሮጣሉ። ከዘንቢሉ ውስጥ የዳልቺት ጥርስ ሲፋጭ ይሰማኛል። አንዴ የሚንቀጠቀጠው ጋቢ ቀጥ አለና ሁለታችንም ቆምን። ገልጠው አዩ። ትተነፍሳለች።

"አንቺ ልጅ" አሉኝ ቁና ቁና እየተነፈሱ፣ "እኔ እንዳላደረግሁት ታምኚኛለሽ?"

"አዎ፣ ጋሼ" አልኳቸው። ፊታቸው ሲፈታ አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ዶክተሩ ቦት ጫማ የተጫማ ወጣት ነበር፤ ጭነት ጀርባዋን የላጣትን አህያ ቁስል እያጠበ ነው። የአህያ ባለቤቶች ተራችን ነው ብለው አጉረመረሙ። እሱ ግን ዘንቢሉን ሲያይ እጁን ታጥቦ መጣ። የዳልቺትን ዓይን በመዳፉ አጨልሞ ተመለከተ፤ ብሌኗ በጥላ ውስጥ እንኳን አልሰፋም፣ እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠብቦ ቀርቷል። ፀጉሯን አሸተተ። የበርበሬው ብናኝ ሌላውን ሽታ ሁሉ ሸፍኖበት አስነጠሰ።

"ምን በላች? ምን ነካት?"

"የአይጥ መርዝ ነው ይላሉ" አሉ የኮረሪማ ነጋዴው። "እኔን ነው የሚሉት። እኔ አላበላኋትም።"

"ጋሼ፣ እሱን ተዉት። የአይጥ መርዝ ከሆነ ሕክምናው ሌላ ነው። የተባይ መርዝ ከሆነ ደግሞ መርፌ አለኝ፤ ያለ ቦታው ከወጋሁት ግን ልቧን አቆመዋለሁ። ምልክቱ ወደ ተባይ መርዝ ይሄዳል። እርግጠኛ መሆን አለብኝ።" ወደ እኔ ዞረ። "ያንቺ ናት?"

ዳልቺት ጀርባዋ እንደ ደጋን ተለጠጠ። ዶክተሩ ሰዓቱን አየ።

"የነቀዝ መድኃኒት ነው" አልኩ። "እኔ ነኝ። ለቁንጫዋ ብዬ ቀባኋት።"

የኮረሪማ ነጋዴውን አላየኋቸውም። ማየት አልቻልኩም። ዶክተሩ ግን አንድም ጊዜ አልተቆጣኝም፤ ለመቆጣት ጊዜ አልነበረውም። መርፌውን ወጋት፤ ሳሙናና ውሃ አምጡ አለ። ኮታቸውን አውልቀው ባልዲው ውስጥ እጃቸውን የከተቱት የኮረሪማ ነጋዴው ናቸው። በአህዮቹ ባልዲ ሦስት ጊዜ አጠብናት፤ እየቧጨረቻቸው ክንዳቸው ደማ። "አንቺም እስከ ክርንሽ ታጠቢ" አለኝ ዶክተሩ። "ድመት ራሷን ትልሳለች፤ ጀርባዋ ላይ ያደረግሽው ሁሉ አፏ ነው የሚገባው። ለቁንጫ ጥርሱ የተጠጋጋ ማበጠሪያ ውሰጂ፣ በየቀኑ አበጥሪያት። የምትተኛበትን ጆንያ በፈላ ውሃ ቀቅይው። ያንን ዱቄት ግን ሁለተኛ እንዳትነኪ። ወተትም በግድ አትጋቷት፤ ሳንባዋ ውስጥ ይገባል።"

ከዚያ መጠበቅ ነበር። አንድ አሮጌ ጆንያ ላይ ተቀምጠን ሦስታችን አንድ እርጥብ ድመት ስናይ ቆየን። ዶክተሩ በመሃል ሌላ መርፌ ጨመረላት። ለሃጯ ቆመ። መንቀጥቀጡ ከመላ ሰውነቷ ወደ እግሮቿ፣ ከእግሮቿ ወደ ጆሮዋ እያነሰ ሄደ። በመጨረሻ አንገቷን ቀና አድርጋ አህያዋን በጥላቻ አየቻት። ዶክተሩ ሳቀ። የኮረሪማ ነጋዴው አልሳቁም፤ ፊታቸውን በእጃቸው ጠረጉ።

ስንመለስ በዝግታ ነበር የምንሄደው። የኮረሪማ ነጋዴውም "እኔ አልናገርብሽም" አሉኝ። "ልጅ ይሳሳታል። ለእናትሽ ግን አንቺው ንገሪያት። እሺ?"

"እሺ፣ ጋሼ።"

እናቴ በር ላይ ቆማ ነበር። ዘንቢሉን ተቀብላ ድመቷን አየች፤ መጀመሪያ የጠየቀችው እኔን ነው። "ዶክተሩ ምን አለ?"

እሳቸው አጠገቤ ቆመው ይጠብቃሉ። መስመሩ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ጆሮውን ጥሏል።

"መርዝ ነው አለ" አልኩ።

ውሸት አይደለም። ከውሸት ግን ይብሳል። የኮረሪማ ነጋዴው አዩኝና ወደ ሱቃቸው ገቡ። ቃላቸውን ጠበቁ፤ አልተናገሩብኝም።

ከዚያ ቀን በኋላ ኮረሪማ የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ እናቴ "እዚህ አካባቢ የለም" ትል ጀመር። ጎረቤቶቹም ሰላምታቸውን አቀዘቀዙባቸው። እሳቸው በየጠዋቱ ሱቃቸውን ሲከፍቱ "ድመቷ እንዴት አደረች?" ይሉኛል። "ደህና ናት፣ ጋሼ" እላለሁ። ከመልሱ በኋላም ትንሽ ቆም ይሉ ነበር። ምን እንደሚጠብቁ አውቃለሁ። ነገ እነግራታለሁ እያልኩ ፋሲካ ደረሰ፤ ከፋሲካ በኋላ ሱቃቸውን ለቀው ወደ ሲኒማ ራስ አካባቢ ሄዱ። ዕቃቸው ጋሪ ላይ ተጭኖ ሳለ ወደ እኔ መጥተው "በርቺ፤ ማበጠሩን እንዳትተዪ" አሉኝ። ዳልቺት ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። አንድም ቀን ማበጠሩን አልተውኩም።

ለእናቴ የነገርኳት ባለፈው እሑድ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ቆይቼ፣ እሷም ምርኩዝ ይዛ። ስጨርስ ትቆጣኛለች ብዬ ጠበቅሁ። ምርኩዟን ተደግፋ ተነሳች። ከዚያ "ጫማዬን አምጪልኝ" አለች። እሑድ መሆኑን፣ ሱቆች ዝግ መሆናቸውን ነግሬ አስቀመጥኳት። ሰኞ ጠዋት ሄድን።

አራት ሰው ጠይቀን ሱቁን አገኘነው። ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው ተቀምጧል፤ አገጩ የእሳቸው ነው። እናቴ አባቱን ፈልጋ እንደመጣች ስትነግረው ከመቀመጫው ተነሳ።

"አባቴ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው፣ እማማ። በምን ትተዋወቁ ነበር?"

"በርበሬ በረንዳ ጎረቤቶች ነበርን" አለች።

ፊቱ በራ። በርጩማ ስቦ አስቀመጣት። "የበርበሬ በረንዳ ጎረቤቶቼን የመሰለ ሰው አይገኝም ይል ነበር ሁልጊዜ" አላት። "ለምን እንደለቀቀ ስንጠይቀው ቦታው ጠቦኝ ነው ነበር የሚለን።"

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ሳበች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ጎልማሳው ደንግጦ ወደ እኔ ዞረና "ምን አጠፋሁ?" አለኝ። አጠገባቸው ተቀመጥኩና ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኩት።